ክፍያው ከፒን በፊት ይታይ፦ ከባሕር ዳር የሞባይል ገንዘብ ወኪሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት የሥራ ክፍል
በባሕር ዳር ለሚገኙ የባንኮች ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤቶች
ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሰጪዎች
ግልባጭ፦ ገንዘብ ለሚልክና ለሚቀበል የጣና ዳር ሕዝብ

ጉዳዩ፦ ከሰው ወደ ሰው በሚላክ ገንዘብ ላይ የሚቆረጠው ክፍያ አስቀድሞ እንዲታይ ስለመጠየቅ

ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው። ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት ከሒሳቡ የሚወጣው ድምር፣ ክፍያውና ቫቱ ጭምር፣ ስልኩ ላይ ይታየው። ዓሣ ተራ ሄዶ ዋጋ ሳይጠይቅ ቆሮሶ የሚያስመዝን የለም። ገንዘብ ሲላክ ግን ብዙው ሰው ስንት እንደተቆረጠበት የሚያውቀው ከተቆረጠ በኋላ በሚደርሰው አጭር መልእክት ነው፤ እሱንም ካነበበው። ክፍያው በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆይ። ዋጋውን አስቀድሞ ያላየ ሰው ማወዳደር አይችልም፤ ርካሽ መንገድ ቢኖርም ለእሱ እንደሌለ ነው።

በስማርት ስልክ መተግበሪያ አንዳንዶቻችሁ ይህን ታሳያላችሁ፤ ይበል ብለናል። ችግሩ ያለው በኮከብና በመሰላል በሚከፈተው ማውጫ ላይ ነው። የትኛው እንደሚያሳይና የትኛው እንደማያሳይ እዚህ አንዘረዝርም፤ ባለቤቱ ራሱ ደውሎ ሊያየው ይችላል። ይህን ማውጫ የሚጠቀመው ደግሞ ከዘጌ ቡና ይዞ የሚመጣው ገበሬ፣ ደቅ ደሴት ያለው አስጋሪ፣ ከሐሙሲት ሽንኩርት የምታመጣ ነጋዴ፣ ባለ በተን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ነው። ማውጫው ዳታ አይፈልግም፤ የሚሄደው ጥሪ በሚያገናኘው የምልክት መስመር እንጂ በኢንተርኔት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የስልክ ኔትወርክ ባለበት ቦታ በስልክ ብር ለመላክና ለመቀበል የቀረው ዋና መንገድ ይኸው ኮከብና መሰላል ነበር። ስለዚህ የድሃ መንገድ ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ባለ ስማርት ስልኩም ሲቸግረው የሚመለስበት ነው።

«ቦታ አይበቃም» የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን። እውነትም ቦታው ጠባብ ነው። የዚህ ማውጫ (በሙያው ስም ዩኤስኤስዲ) አንድ ገጽ የሚይዘው 160 ባይት ነው። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ ከአንድ ባይት ያነሰ ቦታ ስለሚወስድ 182 ምልክት ይገባበታል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 80 ብቻ ነው የሚገባው። የአማርኛው ማውጫ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የተቆራረጠና የጎደለ የሚሆነውም አንድም በዚህ ነው። ቢሆንም 80 ቦታ ለዚህ ጉዳይ ይተርፋል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

ለ አልማዝ ተ. 500 ብር፤ ክፍያ 5.00 ቫት 0.75፤ ድምር 505.75። ፒን፦

ይህ ባዶ ቦታውንና ነጥቡን ሁሉ ቆጥረን 51 ነው፤ 29 ይተርፋል። ስሙ ረጅም ቢሆን፣ ብሩ አምስት አኃዝ ቢሆን እንኳ ይገባል። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ሰላምታ ግን ከዚህ ገጽ ላይ ይነሳ፤ ማንም ሰላምታ ፈልጎ ገንዘብ አይልክም።

ድምሩ ለምን ከነዝርዝሩ ይታይ እንደምንል ለሕዝቡም ለእናንተም ግልጽ እናድርግ። ቫት 15 በመቶ ነው ሲባል ከሚላከው ብር ላይ የሚቆረጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። 10,000 ብር ብልክ 1,500 ይሄድብኛል ብሎ ብሩን በፖስታ አሽጎ ለሚኒባስ ሹፌር የሚሰጥ አለ። እንዲህ አይደለም። ቫቱ የሚሰላው በአገልግሎት ክፍያው ላይ ብቻ ነው፤ ክፍያው 10 ብር ከሆነ ቫቱ 1.50፣ ሁለቱ በድምሩ 11.50 ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ሁሉ ፍርሃት ያስቀር ነበር።

ክፍያው ደግሞ በአብዛኛው በደረጃ ነው የሚሄደው። የማንም ታሪፍ ያልሆነ፣ ለስሌት ብቻ የወሰድነውን ቁጥር ተመልከቱ፦ እስከ 1,000 ብር ለሚልክ 5 ብር፣ ከ1,001 እስከ 5,000 ለሚልክ 10 ብር ይቆረጣል እንበል፤ ቫቱን ለጊዜው እንተወው። 1,020 ብር የሚልክ ሰው ለ20 ብር ብሎ ክፍያውን እጥፍ አደረገ። 3,000 ብሩን «እንዳይበዛብኝ» ብሎ ለሦስት ከፍሎ የሚልከው ደግሞ 15 ብር ያወጣል፤ ባንዴ ቢልከው 10 ብር ነበር። ለልጇ የትራንስፖርት 50 ብር የምትልክ እናት ከላከችው አንድ አሥረኛውን ትከፍላለች። 5,000 የሚልከው ነጋዴ ግን ከመቶ ብር 20 ሳንቲም ብቻ ነው የሚደርስበት። ትንሽ የሚልክ ብዙ ይከፍላል ማለት ነው፤ ይህ የደረጃ አሠራር ጠባዩ ነው። የደረጃዎቹ ድንበር የት እንዳለ ያወቀ ሰው ግን 1,020ውን ወደ 1,000 ዝቅ ያደርጋል፣ 3,000ውንም አይቆራርጥም።

ከሁሉ የሚረሳው ጥሬ ብር የማውጣት ዋጋ ነው። ወኪል ዘንድ ብር ማስገባት ለደንበኛው ነጻ ነው፤ ማውጣት ግን ያስከፍላል። ላኪው ሲልክ 5.75፣ ተቀባዩ ሲያወጣ 11.50 ቢቆረጥ 1,000 ብር እጅ እስኪገባ 17.25 ብር ወጣበት ማለት ነው። ላኪው የራሱን ብቻ አይቶ ርካሽ ነው ይላል። ተቀባዩ የጎደለውን አይቶ «ወኪሉ በላኝ» ይላል። ሁለቱም ሙሉውን ዋጋ አላዩትም።

አማራጮቹን ከርካሹ ጀምረን እንይ። ሁለቱም ሰዎች በአንድ ባንክ ሒሳብ ካላቸው በስልክ ማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ዋጋ ነው፤ ብሩም ወዲያው ይገባል። ከባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲሆን ጉዳዩ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ ሁለት ተቋማትና አንድ መገናኛ ስላሉበት ዋጋው ከፍ ይላል፣ የመሰናከል ዕድሉም እንዲሁ። ከባንክ ወደ ሞባይል ዋሌት (እንደ ቴሌብር ያለ የስልክ የገንዘብ ቋት) መጫንና ከዋሌት ወደ ባንክ መመለስ ዋጋቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ መጫኑ ነጻ ነው ተብሎ የተጀመረ ነገር ሲመለስ ያስከፍላል። በሌላ ባንክ ኤቲኤም ማውጣትም ከራስ ባንክ ኤቲኤም ይበልጣል።

እኛ ግን አማራጭ ሲባል አስቀድመን የምንለው ሌላ ነው፦ ብሩ ከስልክ ሳይወጣ ይሠራበት። ሱቁ የነጋዴ ቁጥር ወይም ኪውአር ከለጠፈ ከፋዩ በአብዛኛው ምንም አይቆረጥበትም። ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ያለው ተማሪ ከቤተሰቡ የደረሰውን 1,000 ብር ሙሉውን አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከማዞር ለምግብ ቤቱ፣ ለፎቶ ኮፒው፣ ለኤሌክትሪኩ ከስልኩ ቢከፍልና ለባጃጅ የሚሆነውን ብቻ ቢያወጣ ይሻላል። ይህን ስንል የማውጣት ኮሚሽናችን እንደሚቀንስ አልጠፋንም። ቅዳሜ ገበያ ቀን ግን ጥሬ ብር አልቆብን ሰው ከምንመልስ እሱ ይሻለናል።

በአየር ሰዓት መላክ ግን አማራጭ አይደለም። ካርዱን ተቀብሎ ወደ ብር የሚለውጥ ሰው ቀንሶ ነው የሚገዛው፤ ከማንኛውም ታሪፍ በላይ ይሄዳል።

ለዕቁብ ሰብሳቢዎች አንድ ስሌት እናክል። 40 አባላት ያሉት ሳምንታዊ ዕቁብ እያንዳንዱ አባል ከየባንኩ 500 ብር ለሰብሳቢው ይልካል፤ ለአንዱ 5.75 ቢቆረጥ በሳምንት 230 ብር ነው። ሰብሳቢው ብዙዎቹ አባላት በሚጠቀሙበት ባንክ ሒሳብ ቢከፍት ወይም በየሰፈሩ አንድ ሰው የጎረቤቶቹን ሰብስቦ ባንዴ ቢልክ ከዚህ ብዙው ይድናል። ዓባይም ይሁን አማራ ባንክ፣ ፀደይም ይሁን ንግድ ባንክ፣ ለዕቁቡ የሚበጀው ስሙ ሳይሆን ከ40ው ውስጥ ስንቱ እዚያ እንዳለ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው መጀመሪያ ይህን ይቁጠሩ።

አሁን ወደሚሰናከለው እንምጣ፤ ሰው የሚያዝነው በዚህ ነውና። ከባንክ ወደ ባንክ ሲላክ ብሩ ከላኪው ተቆርጦ ለተቀባዩ ሳይገባ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ የላኪው ባንክ ቀንሶ ትእዛዙን ያሳልፋል፤ የተቀባዩ ባንክ ሲስተም በተሰጠው ጊዜ ውስጥ «ገብቷል» ብሎ አይመልስም። ያኔ የላኪው ባንክ ገባ ወይስ አልገባ አያውቅም፤ የሚለየው የሁለቱ ወገን መዝገብ ሲተያይ ነው። ይህም የሥራ ቀን ይጠይቃል፤ ዓርብ ማታ የተንጠለጠለ ብር ለሰኞ ሊዘልቅ ይችላል። በደመወዝ ሰሞንና በበዓል ዋዜማ ይብሳል። ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብሩን እንደገና በመላኩ ነው። ኋላ ሁለቱም ይገባሉ፣ ክፍያውም ሁለት ይሆናል። ኮከብና መሰላል ላይም እንዲሁ ነው፤ ፒን ከገባ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ ትእዛዙ አልሄደም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብና የመጨረሻዎቹን እንቅስቃሴዎች ማየት፣ የግብይት ቁጥሩን መያዝ፣ ከዚያ ወደ ባንኩ መደወል ነው። በንግድ ባንክ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረው ነው ቁጥሩ፤ የስልክ መስመሩ 951 ነው። ቴሌብር 127፣ ሳፋሪኮም 700 ላይ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ለእናንተ የምንለው አለ። ቅርንጫፍ ሄዶ «ብሬ ተንጠልጥሏል» ያለ ሰው «ሲስተም ነው፣ ይጠብቁ» ተብሎ ባዶ እጁን አይሸኝ። ቅሬታው የተመዘገበበት ቁጥርና ቀን በወረቀት ወይም በአጭር መልእክት ይሰጠው። ይህ ቁጥር ከሌለ ነገ ሲመጣ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

ወደ ተሳሳተ ሰው የተላከ ሌላ ጣጣ ነው። በዋሌት ዋናው ስሕተት 09ን በ07 መተካት ወይም አንድ አኃዝ ማፋለስ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር በ09፣ የሳፋሪኮም በ07 ይጀምራል። በባንክ ደግሞ የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 1000 ብሎ የሚጀምር 13 አኃዝ ስለሆነ መካከል ላይ ያሉት ዜሮዎች ያምታታሉ፤ በቃል ከማስነገር አስጽፎ መቅዳት ይበጃል። የተቀባዩ ስም ሲመጣ ሳያነቡ ማለፍ ነው ትልቁ በደል። ብሩ አንዴ ከገባ ባንኩ የተቀባዩ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይኖር ዝም ብሎ አንስቶ አይመልሰውም። ስለዚህ ፍጥነት ነው የሚያድነው፤ ተቀባዩ ከማውጣቱ በፊት መደወልና እንዲታገድ ማመልከት። አልመልስም ያለ ተቀባይ ግን በሕግ ነጻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2162 ጀምሮ ስለ አላግባብ መበልጸግ ይደነግጋል፤ የማይገባውን ክፍያ የተቀበለ ይመልሳል። የግብይት ቁጥሩና የባንኩ ማረጋገጫ ክስ ለመመሥረት መነሻ ይሆናሉ።

በዚሁ በር የሚገባ ሌባም አለ። «በስሕተት 4,000 ብር ልኬልዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚል ጥሪ ሲመጣ ከራስ ብር አውጥቶ መመለስ አይገባም። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ ባንኩ ወይም ዋሌቱ በራሱ አሠራር ይመልሰው፤ አለዚያ የላከው ሰው ከባንክም ከእርስዎም ሁለት ጊዜ ሊቀበል ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ጭራሹኑ የገባ ነገር የለም፤ መልእክቱ ከተራ ስልክ ቁጥር የተላከ ጽሑፍ ነው።

ሐይቁ ዳር ይህ ማታለል የሚከፋው ዓሣ ስለማይቆይ ነው። ጀልባው ጠዋት ደርሶ ገዥው 30 ኪሎ አምባዛ አስጭኖ የስልኩን ፎቶ ያሳያል፤ አስጋሪው ኔትወርክ ከሌለበት ወደብ ላይ ሆኖ «ገባልህ?» ሲባል መልስ የለውም። የስክሪን ፎቶ ገንዘብ አይደለም። አጭር መልእክትም ገንዘብ አይደለም፤ ቀሪ ሒሳብ ሲታይ የጨመረው ብር ነው ገንዘቡ። ሒሳብ ማየት በማይቻልበት ቦታ ላይ ያለ ሻጭ ከተማ ያለ የሚያምነው ሰው በተቀባይነት ቢያቆምና ያ ሰው ሒሳቡን አይቶ በድምፅ ቢያረጋግጥለት ይሻላል። ሒሳቡ ግን ከእሱ ጋር በየቀኑ ይዘጋ፤ ማደር የለበትም።

ከውጭ ለሚልኩ ወገኖች አጭር ነገር እንበል። «ያለ ክፍያ» የሚለውን ማስታወቂያ አይተው አይቁሙ፤ ምንዛሬውን ይጠይቁ። ለስሌት ያህል ባንክ ዶላሩን በ150 ብር በሚገዛበት ቀን አስተላላፊው በ145 ካሰበው፣ በ200 ዶላር ላይ 1,000 ብር ጠፋ፤ ይህ ከሦስት በመቶ በላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሐዋላ ዋጋ ከሦስት በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጠዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን የባንኮች ዋጋ ይለያያል፤ ከመላክ በፊት ሁለት ሦስት ባንክ ማነጻጸር ነጻ ነው። በክሬዲት ካርድ መላክም ከባንክ ሒሳብ ከመላክ ይልቅ ውድ ይሆናል፤ ካርድ ሰጪው እንደ ጥሬ ብር ብድር ቆጥሮ ወለድ ሊጨምርበት ይችላል። ማወዳደሪያው አንድ ብቻ ነው፦ ከላኪው ኪስ ስንት ወጣ፣ ባሕር ዳር ስንት ብር ገባ።

ስለ እኛም ሳንናገር አንለፍ። በወኪል ሥራ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ በስልክ ያለው የሥራ ገንዘብ (ፍሎት) እና በመሳቢያ ያለው ጥሬ ብር። ገበያ ቀን ሰው ሁሉ ሊያወጣ ሲመጣ ፍሎቱ ይሞላል፣ መሳቢያው ይራቆታል፤ ባንክ ሄዶ ለመለወጥ ደግሞ ሰልፍ አለ። በዚህ ሰዓት «ጥሬ ብር እጥረት ነው» ብሎ ከታሪፍ በላይ የሚቀበል፣ ወይም ኮሚሽን እንዲበዛለት የደንበኛውን አንድ ግብይት ለሁለት የሚቆርጥ ወኪል አለ። ትክክል አይደለም፤ ደንበኛውም የወኪሉን ቁጥርና ሰዓቱን ይዞ ይክሰስ። ነገር ግን ታሪፉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና ድምሩ ስልኩ ላይ ቢታይ ኖሮ ይህ ማጭበርበር ባልተቻለ። ሐቀኛው ወኪልም በየቀኑ «አንተ ነህ የቆረጥከው» እየተባለ አይሟገትም ነበር።

የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020፣ ዋጋ ለደንበኛ በግልጽ እንዲነገር ይጠይቃል። እኛ አዲስ ሕግ አልጠየቅንም። በድረ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ለመሸንቲ ገበሬ እንደተነገረ አይቆጠር ነው የምንለው።

ስለዚህ በኮከብና በመሰላሉ ላይ ከፒን በፊት ክፍያ፣ ቫትና ድምር በአማርኛ ይግባ። በየቅርንጫፉና በየወኪሉ ሱቅ የመላኩም ብር የማውጣቱም ዋጋ አንድ ወረቀት ላይ፣ የወጣበት ቀን ተጽፎ ይለጠፍ፤ ታሪፍ ሲለወጥ አሮጌው ይነሳ። ቅሬታ ያቀረበ ሁሉ የመዝገብ ቁጥር ይዞ ይውጣ። ከ100 ብር በታች ከሰው ወደ ሰው የሚላክ ነጻ ቢሆን ደግሞ የምታጡት ጥቂት፣ ወደ ስልክ የሚገባው ሰው ብዙ ነው ብለን እናምናለን፤ ይህኛውን ግን ለእናንተ ስሌት ትተነዋል።

አዲሱን ማውጫ ከመልቀቃችሁ በፊት ባለ በተን ስልክ በያዘ ሰው ላይ ሞክሩት። ቅዳሜ ገበያ ብትመጡ ፈቃደኛ ሰው እናገናኛችኋለን፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ሰልፍ ስለሚበዛብን ቀደም ብላችሁ ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በባሕር ዳር ከተማ የምንሠራ የሞባይል ገንዘብ ወኪሎች